ጋጥና ጓሮ

ማታ ወደ ጉራጌ ጎጆ የገባ እንግዳ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ጆሮው ቀድሞ የሚያገኘው ከብት ሲያመሰኳ ነው። በባህላዊው ሰፊ ክብ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ፈቀቅ ብሎ ጋጥ አለ። ላሞቹ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት ከጅብና ከብርድ ለመዳን ብቻ አይደለም፤ እበታቸው ሜዳ ላይ ፈሶ እንዳይቀርም ነው።

ቀን ቀን ከብቱ የሚግጠው ጀፎረ ላይ ነው። ጀፎረ ግራና ቀኙን ቤት የተሰለፈበት ሰፊ የሣር ጎዳና ሲሆን ልቅሶውም ሠርጉም እዚያው ይደረጋል። የቤተሰቡ ምግብ የሆነው እንሰት ግን ከቤቱ ጀርባ ነው። ከደጅ የተጋጠው ሣር ቤት ያድርና ጠዋት እበት ሆኖ በጓሮ በኩል ይወጣል። የመንደሩ አሠራር ራሱ ይህን ጉዞ የተከተለ ይመስላል። እበቱን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ የጉራጌ ታታሪነት ሲወራ ግን የሚነሳው አዲስ አበባ የገባው ነጋዴ ነው።

እንሰት ገና ሲራባ ጀምሮ እበት ይፈልጋል። ያልደረሰው ተክል ከሥሩ ተቆርጦ አሚቾው፣ ማለትም ከአፈር ውስጥ ያለው ግንዱ፣ መሐሉ ይፈነቀላል፤ ጉድጓዱ በአፈርና በእበት ተሞልቶ ይቀበራል። ከአንዱ አሚቾ በርካታ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ቡቃያ ይወጣል። ከዚያ ችግኙ ቦታ እየለወጠ ዓመታት ይቆያል፣ በየጊዜውም እበት ይደፋለታል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ ተራው የእንሰቱ ነው፤ ቅጠሉ ለላሚቱ ይቆረጣል።

አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል። ርዕሱ ላሚቱን ዘሏታል።

የላሚቱ ዋጋ የሚለየው ከብት ሲያልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቡት ከብት ጋር የመጣው፣ ደስታ የተባለው በሽታ የአገሩን ከብት ሲፈጀው፣ በሬ የሞተበት የደጋ ገበሬ የሚያርስበት አጣ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብም መጣ። እንሰት በመቆፈሪያ ስለሚለማ ያለ በሬም ይተከላል። ያለ እበት ግን መሬቱ ቀስ በቀስ ይከሳል፤ ረሃቡ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም።

ላም የሌለው ቤትስ? ለዚህ ሪቢ አለ። ከብት የተረፈው ሰው ላሙን ለሌላው ይሰጣል፤ የሚወለደውን ጥጃ እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። እበቱን ግን አይካፈሉትም፤ ላሚቱ ባደረችበት ጓሮ ይቀራል።