የብሪስቶል ጎዳናና የዜማው ባለቤት

በሰሜን አሜሪካ፣ ብሪስቶል በተባለችው ትንሽ ከተማ፣ ዋናው ጎዳና የሁለት ግዛቶች ወሰን ነው፤ ግማሹ የቨርጂኒያ፣ ግማሹ የቴነሲ ሲሆን ድንበሩ በመካከሉ በነሐስ ምልክት ይታያል። በ2001 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተጀመረው የሙዚቃ በዓል ሲደርስ መንገዱ ለተሽከርካሪ ይዘጋና የገጠር ዘፈን ተጫዋቾች ቫዮሊን፣ ጊታርና ባንጆ ይዘው ይወጣሉ። ባንጆም፣ ይህ አይዘንጋ፣ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ዕውቀት የወለደው መሣሪያ ነው። ሕዝቡ አንድ እግሩን በአንዱ ግዛት፣ ሁለተኛውን በሌላው አድርጎ ይጨፍራል።

በዓሉ በዚህ ስፍራ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1927 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ራልፍ ፒር የተባለ ሰው በዚሁ ጎዳና በነበረ የባርኔጣ መጋዘን የድምፅ መቅረጫ ተክሎ፣ ለቪክተር ኩባንያ 76 ቅጂዎችን በሸክላ አስቀረጸ። ከዘፋኞቹም መካከል ኤ. ፒ. ካርተር፣ ባለቤቱ ሣራና የወንድሙ ሚስት ማይቤል ይገኙ ነበር። ማይቤል ያን ጊዜ የ18 ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች።

የእነዚህ ስም በሰፊው ይነሣል፤ እኛ ግን ሌላም ስም አብሮ እንዲነሣ እንወድዳለን። ሌስሊ ሪድል አንድ እግሩን በፋብሪካ አደጋ ያጣ ጥቁር የጊታር ተጫዋች ነበር። ነጭና ጥቁር በሕግ በተለያዩበት በዚያ ዘመን፣ ከካርተር ጋር ዘፈን ፍለጋ በየመንደሩ ይዞር ነበር። ካርተር ቃሉን ሲጽፍ ሪድል ዜማውን በልቡ ይይዛል፤ ማይቤልም ከእርሱ አጨዋወት ተምራለች። በሸክላው ላይ ግን ስሙ አልተጻፈም። ማይክ ሲገር የተባለ ሙዚቀኛ በ1965 ዓ.ም. ፈልጎ ባገኘው ጊዜ፣ ሪድል ሙዚቃን ከተወ ብዙ ዘመኑ ነበር።