የኮላይ አለመገኘት ምን ያረጋግጣል? ከጣና ወደ ደባርቅ በሚወጣ ዓሣ ላይ የቀረበ ሙግት

ጎርጎራ ላይ የተያዘ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ጎንደርን አልፎ ዳባትና ደባርቅ ለመድረስ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,850 ሜትር ይወጣል። በረዶ ካልተጫነ ይህን መንገድ ሳይበላሽ የሚጨርሰው ቋንጣ የሆነው፣ በጨው የታሸው ወይም የተጠበሰው ነው። የስሜን ግርጌ ከተሞች የዓሣ ምርመራ እንግዲህ በዋናነት የተዘጋጀ ዓሣ ምርመራ መሆን አለበት፤ ሙግቴም ከዚህ ይነሣል።

ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ሻርዲንገር እ.ኤ.አ. በ1892 የአንጀት ባክቴሪያው ኮላይ የተገኘበት ውኃ ሰገራ ስለነካው የታይፎይድ ጀርምም ሊኖርበት ይችላል ሲል አመለከተ። ተመራማሪው አይክማን በ1904 ኮላይን የመለያውን ዘዴ ከሙቀት ጋር አያይዞ አጠራው። ለመጠጥ ውኃ ይህ ታላቅ ሐሳብ ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ ሐሳቡ ሳይመረመር ከውኃው ወደ ዓሣው መሻገሩ ነው። ኮላይ በደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። ዓሣ ደመ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚያሠጉት ባክቴሪያዎችም ሁሉም ከሰገራ የሚመጡ አይደሉም።

ሃንስ ሄንሪክ ሁስ በ1994 ለዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባዘጋጀው ጽሑፍ ይህንን በግልጽ ለይቶታል። ኤሮሞናስ፣ ቪብሪዮ፣ ሊስቴሪያና ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የውኃውና የአካባቢው ነባሮች ናቸው፤ ሳልሞኔላ፣ ሺጌላ፣ ኮላይና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሁስን ብዙዎች ይጠቅሱታል፤ ክፍፍሉን ግን ወደ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛቸው አያወርዱትም። የኮላይ ምርመራ ስለ መጀመሪያው ቡድን አንዳች አይነግረንም።

ቋንጣ ላይ ደግሞ ስለ ሁለተኛውም ያሳስታል። ባክቴሪያ ሊጠቀምበት የሚችለው ውኃ መለኪያ (water activity) ከ0.95 በታች ሲወርድ ኮላይ መራባት ያቆማል፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን አየር ባለበት እስከ 0.86 ድረስ ይራባል። ይህ ባክቴሪያ የሚመጣው ከአራጁና ከአድራቂው እጅና አፍንጫ ነው። ማድረቅ ጠቋሚውን አዳክሞ ተጠርጣሪውን ያስቀራል።

ሳልሞኔላን ከደረቀ ዓሣ መፈለግም ትዕግሥት ይጠይቃል። ድርቀትና ጨው የጎዱት ሕዋስ በቀጥታ መራጭ ማሳደጊያ ላይ ሲዘራ ሊሞት ይችላል፤ ቤተ ሙከራውም «የለም» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ 25 ግራም ናሙና በ225 ሚሊ ሊትር የፔፕቶን ውኃ ውስጥ በ37 ዲግሪ 18 ሰዓት ያህል አገግሞ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ መራጩ ፈሳሽ ይገባል። ይህን የማገገሚያ ጊዜ የሚዘል ምርመራ እንደ ምርመራ ልቆጥረው አልችልም።

«የኮላይ ቆጠራ ርካሽ ነው» ይባላል። የማይመልሰውን ጥያቄ የምንጠይቀው ከሆነ ርካሽነቱ ፋይዳ የለውም። «ቋንጣ ይቀቀላል» የሚለውም አያዋጣም፦ ደባርቅ ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን፣ የስታፊሎኮከስ መርዝ በ100 ዲግሪ መፍላትንም ይቋቋማል።

ይህ ሙግት ከባክቴሪያው ባሕርይ የተነሣ እንጂ የገበያ ቆጠራ አይደለም፤ በናሙና መፈተን ይገባዋል። ፈታኙ ግን ከደባርቅ አየር ጋር ይታገላል። ኦቶክሌቭ በባሕር ጠለል 15 ፓውንድ ግፊት ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ በ2,850 ሜትር ላይ ያው የግፊት ንባብ የሚሰጠው 116 ገደማ ነው። በቂ ሙቀት ያላገኘ ማሳደጊያ ደግሞ የራሱን ባክቴሪያ ያበቅላል። ግፊቱ ወደ 20 ፓውንድ መጠጋት አለበት፤ መሣሪያው ይህን የማይችል ከሆነ ሙቀቱ በቴርሞሜትር እየተነበበ የማቆያው ጊዜ ይረዝማል።