ማዕድና ወረርሽኝ፤ የአዲስ አበባ ቤቶች አመጋገብ በ1911 እና በ2012 ዓ.ም.

የወረርሽኝ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው የሞተው ሰው፥ የሚመረመረውም የበሽታው መነሻና የመንግሥት ትእዛዝ ነው። በየቤቱ ምን ይበላ እንደ ነበረ፥ ማን እንዳዘጋጀው፥ ከማንስ ጋራ እንደ ተበላ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ የኑሮ ሥርዐት በማዕዱ ስለሚታወቅ፥ ይህን ሥርዐት ድንገተኛ መከራ በነካው ጊዜ የትኛው ክፍል እንደ ጸና፥ የትኛውስ እንደ ተናጋ ማወቅ ለባህል ጥናት ትልቅ ጥቅም አለው። ስለዚህ በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰውን የኅዳር በሽታና በ2012 ዓ.ም. የገባውን የኮሮና ወረርሽኝ በማዕድ በኩል አስተያይተን፥ በሁለቱ ዘመናት የቤት ምግብ የተሰናከለበት ቦታ አንድ አለመሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

የኅዳር በሽታ የሚባለው በ1918 እ.ኤ.አ. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአዲስ አበባ እጅግ የበረታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ስለ ነበረ ስሙን ከወሩ አግኝቷል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በበሽታው በጽኑ ታመው ድነዋል፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸውም በአዲስ አበባ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ ገልጸዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የቤትና የሰፈር ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድ በሕዝብ ዘንድ ከዚሁ በሽታ ጋራ ተያይዞ ይታሰባል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ኅዳር የእህል እጥረት ወር አይደለም። የክረምቱ ችግር አልፎ እሸት የተቀመሰበት፥ አዝመራውም የሚታጨድበት ወቅት ነው። እንግዲያስ በዚያ ወር በሕመምተኞች ቤት የሚደርሰውን ረኃብ በጎተራው ባዶነት ልናስረዳ አንችልም። ምክንያቱን ለማግኘት እህል ምግብ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበትን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል።

ጤፉ ይበጠራል፥ ይነፋል፤ ከዚያም በእጅ ወፍጮ ይፈጫል። ዱቄቱ ከእርሾ ጋራ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል። ውሃው ከምንጭ ወይም ከወንዝ በእንስራ ይቀዳል፤ እንጨቱ ተለቅሞ ይመጣል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምጣዱ ይሰማል። የተጋገረውም እንጀራ ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ ሳይሻግት አይሰነብትም። ስለዚህ ጎተራው የዓመት ቀለብ ቢይዝም፥ በሌማቱ ያለው ምግብ የጥቂት ቀን ነው። ይህ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነበር። የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ሕፃናትንና አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ብርቱዎች በብዛት መግደሉ በልዩ ልዩ አገሮች የተመሰከረ ነው። ይኸውም በትክክል የፈጪዋ፥ የጋጋሪዋና የውሃ ቀጂዋ ዕድሜ ነው። አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮ ሲተኛ ጎተራው ሳይጎድል ሌማቱ ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

በመኳንንት ቤት ነገሩ የተሻለ ሊመስል ይችላል። በእንደዚህ ያለ ቤት ወፍጮ ቤቱ፥ እንጀራ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ እየራሱ የተለየ ሲሆን፥ በየክፍሉ የተመደቡት ሠራተኞች፥ ብዙዎቹም ባሮች፥ ቊጥራቸው ከፍ ያለ ነበር። ሆኖም የሥራው መከፋፈል ራሱ ድካም ነበረው፤ የፈጪዎቹ መታመም ጋጋሪዎቹን ሥራ ያስፈታል፥ የውሃ ቀጂዎቹም መቅረት ሁሉን ያቆማል። ብዙ ሰው በአንድ ግቢ አብሮ ማደሩም በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ የተመቸ ነው።

ሳይጋገር የሚበላ ምግብ በአገራችን አልጠፋም። በሶ፥ ቆሎ፥ ጭኮና ድርቆሽ እሳት ሳይነድ የሚበሉ ስለ ሆኑ የመንገደኛና የወታደር ስንቅ ሆነው ኖረዋል። ለሕመምተኛም አጥሚት አለ። ነገር ግን ስንቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ እንደ ሆነ ብቻ ይደርሳል፤ አጥሚቱንም የሚያፈላ ጤነኛ ያስፈልገዋል። በደኅና ጊዜ ይህን ጉድለት የሚሞላው ጎረቤት ነው። ሰው በሞተበት ቤት ጎረቤቱ ንፍሮ ቀቅሎ፥ እንጀራና ወጥ ይዞ የሚሄድበት፥ እዝን የሚባለው ሥርዐት የተመሠረተው አንዱ ቤት ሲያዝን ሌላው ቤት በደኅና ይሆናል በሚል ግምት ነው። በሽታው ሁሉን ቤት በአንድ ጊዜ ሲመታ ግን ሰጪና ተቀባይ ይጠፋል። እንደ እኛ አስተያየት የኅዳር በሽታ በማዕድ ላይ ያደረሰው ትልቁ ጒዳት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለፉት 100 ዓመታት የከተማው ወጥ ቤት ብዙ ሥራውን ወደ ውጭ አውጥቷል። ወፍጮው ከቤት ወጥቶ በሞተር የሚሠራ የሰፈር ወፍጮ ቤት ሆነ፤ ውሃው በቧንቧ መጣ፤ ሽሮውና በርበሬው ተዘጋጅቶ ከባልትና መደብር ይገዛል፤ እንጀራውንም ጋግረው ከሚሸጡ ሰዎች በቊጥር የሚገዛው ቤት በዛ። ስለዚህ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፥ የቤቱ ሥጋት በፈጪዋ ጤና ላይ ሳይሆን በገበያውና በገንዘቡ ላይ ወደቀ። ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብል፥ ሎሚና ፌጦ ለጉንፋን የሚታወቁ የቤት መድኃኒቶች ስለ ሆኑ በአንድ ሰሞን ተፈላጊነታቸው በዛ፥ ዋጋቸውም ናረ። አትክልት በሽታውን ያስተላልፋል የሚል መሠረት የሌለው ወሬም ተነዛ።

ይሁን እንጂ የተፈራው ያህል የምግብ መጓደል አልታየም። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. የጠየቋቸውን የአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች በ2020 እ.ኤ.አ. በዚያው ወቅት መልሰው ቢጠይቁ፥ ብዙዎቹ ገቢያቸው መቀነሱን ሲናገሩ፥ የተመገቡት መጠንና ዓይነት ግን በጠቅላላው ከቀድሞው ብዙም ሳይለይ ተገኘ። ይህ አማካይ ግምት የእያንዳንዱን ድኻ ቤት ችግር አይሽርም፤ ነገር ግን የምግቡ መንገድ ከገበያ እስከ ምጣድ እንዳልተቈረጠ ያስረዳል።

የተናጋው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም አብሮ መብላት ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውና ለአምስት ወር የቈየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጨባበጥን፥ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብንም ከለከለ። በዚህ ቊጥር ማኅበሩ፥ ሰንበቴው፥ እዝኑና የጎረቤት ቡናው ሁሉ ከተፈቀደው ውጭ ሆኑ። የሁዳዴ ጾም ያለቀበት የሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካም፥ ከጥቂት ቀን በኋላ የገባው የረመዳን ኢፍጣርም እንግዳ ሳይጠራ በየቤቱ ተወሰነ። በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥና ጉርሻ መስጠት የፍቅር ምልክት መሆናቸው ሳይቀር፥ በሽታ ማስተላለፊያም ተብለው ተጠረጠሩ። ከማዕድ በፊትና በኋላ በማስታጠቢያ የሚቀርበው የእጅ ውሃ ደግሞ ከመሶቡ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ቆመ።

በዚሁ ሰሞን «ማዕድ ማጋራት» የሚል የመንግሥት ጥሪ ተሰማ። በቀድሞው አነጋገር ማዕድ መጋራት ማለት ከአንድ መሶብ መቁረስ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ግን ቃሉ ዱቄት፥ ዘይትና መኰሮኒ ለተቸገረ ቤት መላክን የሚያመለክት ሆነ። መሶቡ ሲለያይ ቃሉ ትርጒሙን አስፍቶ መኖሩ፥ ሥርዐቱ ባይፈጸምም ግዴታው በሰው ልቡና እንዳልተሻረ ያሳያል።

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት ለተማሪ ብቻ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ለተኛ ቤተ ሰብ እህል መላክ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የጎደለው ፈጭቶና ጋግሮ የሚያቀርብ እጅ ነውና። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጎደለው የዕለት ሠራተኛው ገንዘብ ነው። ምጣድ የሌለው፥ እንጀራውን በየቀኑ የሚገዛ ተከራይ ዱቄት ቢቀበል ወዲያው ራት አይሆንለትም። እርዳታ የሚጠቅመው የምግቡ መንገድ በተቈረጠበት ቦታ ሲደርስ ስለ ሆነ፥ ያ ቦታ በየዘመኑና በየቤቱ ሊጠና ይገባል።

የኅዳርን በሽታ በዐይናቸው ያዩት ሰዎች አልፈዋል፤ የቀረን በጽሑፍ የተዉትና ለልጆቻቸው የነገሩት ነው። የ2012 ዓ.ም. ምስክሮች ግን በሕይወት አሉ። የባህል ጥናት ተማሪዎች ወደየቤቱ ሲሄዱ ምን ተበላ ብለው ብቻ ሳይሆን፥ ማን ገዛው፥ ማን ጋገረው፥ በስንት ሳሕን ቀረበ፥ ከጎረቤት የመጣው በር ላይ ቀረ ወይስ ገባ ብለው ቢጠይቁና መልሱን ከነቀኑ ቢጽፉት፥ ለ1911 ዓ.ም. በግምት የሞላነውን ክፍል ለ2012 ዓ.ም. በማስረጃ ለመሙላት ይቻላል።