የመውጫ ወረቀት ታሪክ

ወገኖቼ፣ «ገዳሪፍ ሆስፒታል እያለ ካምፕ ውስጥ ምን ያስቀምጣችኋል?» ለምትሉኝ፦ ነገሩ የቆየ ነው። ሱዳን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። የከተማው ሆስፒታል የክልሉ መንግሥት ነው፤ የእኛ ጉዳይ ግን የማዕከላዊው መንግሥት የስደተኞች ኮሚሽን ነው። ኡም ራኩባ በ77ቱ ረሃብ ዘመንም ወገኖቻችንን አስጠልሏል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ለእኛ እንደገና ሲከፈት ክልከላውም አብሮ ጠበቀን።

እናቴ ወደ ከተማ ሪፈር ሲጻፍላት መኪና አገኘን፤ የመውጫ ፈቃዱን ግን ሁለት ቀን ጠበቅን። በአገሬው ሰው አልፈርድም፣ እሱም ለመድኃኒት ይሰለፋል፤ ስንሻገር እንጀራውን ያካፈለንም እሱ ነው።

ሪፈር የተጻፈለት ዘመድ ያላችሁ፣ ብር ስትልኩ «ፈቃዱ ወጣ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።