«የሰዓት ቀጠና» እና «የሰዓት ልዩነት»፦ የሁለት ስያሜዎች አመጣጥ

ኮምፒውተሮች ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጡበት ሥርዓት የሚያስረዱ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ስያሜ ሲጠሩ እናገኛለን። አንደኛው አንድ ዓይነት ሰዓት እንዲጠቀም በሕግ የተወሰነ አካባቢ ነው፤ ሁለተኛው ያ አካባቢ በአንድ በተወሰነ ቅጽበት ከዓለም አቀፉ ሰዓት የሚቀድምበት ወይም ወደ ኋላ የሚቀርበት መጠን ነው። በተራ ጽሑፍ ቢደባለቁ ብዙም አይጎዳም። በዚህ ዓይነቱ ሰነድ ግን የቃሉ ስሕተት ወደ ሥራው ይዛመታል። ልዩነታቸውን የሚያስረዳው ታሪካቸው ስለሆነ ከዚያ እንጀምራለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ ቀትሩን የሚወስነው በራሱ ፀሐይ ነበር። ይህን ልማድ ያስቀረው በተለይ ባቡር ነው። የሰሜን አሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ሰዓታቸውን በቀጠና ደለደሉ። በተከታዩ ዓመት በዋሽንግተን የተሰበሰቡት የ25 አገሮች መልእክተኞች ጉባኤ በግሪኒች የሚያልፈውን መስመር የኬንትሮስ መነሻ አደረገ፤ ቀጠናን የመደልደሉን ሥራ ግን ለየመንግሥቱ ተወው። ፈረንሳይ በ1911 ባወጣችው ሕግ ሕጋዊ ሰዓቷን በ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ የዘገየ የፓሪስ አማካይ ሰዓት ስትል ሰየመች። ይኸው የግሪኒች ሰዓት መሆኑ ነው፤ ስሙ ብቻ አልተጠራም። «ዩ ቲ ሲ» የተባለው የዛሬው ምሕጻረ ቃልም የእንግሊዝኛውንም የፈረንሳይኛውንም የቃላት ቅደም ተከተል የማይከተል የስምምነት ውጤት ስለሆነ፣ ተርጓሚ ፊደሎቹን በየተራ ለመፍታት ባይደክም ይሻላል።

እንግዲህ ቀጠና የሕግ ፍጥረት ነው፤ ሕግ ሲለወጥ ይለወጣል። ሳሞአ በ2011 ቀጠናዋን ስትለውጥ ዲሴምበር 30 የሚባል ቀን ሳይኖራት ወደ 31 ተሻግራለች።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1988 ያወጣው ደረጃ 8601፣ በኋላም የኢንተርኔት ደንብ የሆነው በ2002 የወጣው ሰነድ 3339፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ +03:00 የመሰለ ምልክት እንዲጻፍ ደነገጉ። ይህ ልዩነት እንጂ ቀጠና አይደለም። አዲስ አበባም፣ ሪያድም፣ ሞስኮም ዛሬ በዚሁ ቁጥር ይጻፋሉ። ኢየሩሳሌም በበጋዋ +03:00፣ በክረምቷ +02:00 ናት፤ በዚያ ከተማ ዘወትር ሰኞ በ9፡00 የሚደረግን ስብሰባ በ+03:00 ብቻ የመዘገበ ኮምፒውተር ክረምቱ ሲገባ የአንድ ሰዓት ስሕተት ይሠራል። ላለፈ ድርጊት ልዩነቱ ይበቃል፤ ለሚመጣው ቀጠሮ የቀጠናው ስም ያስፈልጋል። ለዚህም አርተር ዴቪድ ኦልሰን የጀመረው፣ ቀጠናዎችን በአህጉርና በከተማ የሚሰይመው መዝገብ ያገለግላል።

በእኛ ቋንቋ ሦስተኛ ጉዳይ ይጨመራል፤ ይኸውም የሰዓት አቆጣጠር ነው። ከጧቱ 3 ሰዓት ማለት በዚህ አጻጻፍ 09፡00 ከ+03:00 ጋር ነው። አንዳንዱ 3ን እንዳለ ወስዶ 03፡00 ሲል ይጽፋል፤ ቀጠሮውም 6 ሰዓት ይቀድማል። ሌላው ብልሃት ያገኘ መስሎት ልዩነቱን −03:00 ያደርጋል። ቁጥሩ የገጠመ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽሑፉን የተቀበለው ኮምፒውተር ላኪው በብራዚሊያ ሰዓት የሚኖር ይመስለዋል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተፈጸመውንም ድርጊት ማክሰኞ መሆኑ ቀርቶ በሰኞ ቀን ይመዘግበዋል። አቆጣጠር ሰዓትን የመጥራት ልማድ ነው እንጂ ቀጠና አይደለም፤ መለወጥ ያለበትም ለሰው ዓይን በሚታይበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ስያሜው፣ «ሰቅ» ለ15 ዲግሪው ስፋት ይስማማል፤ የሕግ ወሰን ግን እንደ ሰቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። «ክልል» መልካም ነበር፤ አሁን የአስተዳደር ትርጉሙ በርትቶበታል። ስለዚህ «የሰዓት ቀጠና» የሚለውን እንመርጣለን፤ ለቁጥሩም «ከዓለም አቀፍ ሰዓት ያለ ልዩነት» እንላለን፤ አገባቡ ግልጽ በሆነበት ቦታ «ልዩነት» ብቻውን ይበቃል። የሌሊቱን ቀን በተመለከተ ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለው ነባር አነጋገር ሁለቱንም ቀኖች ስለሚጠራ፣ አንባቢው ሌሊቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ አይጠራጠርም። ተርጓሚዎች «ሰኞ ሌሊት» እያሉ አሻሚ ከሚያደርጉት በዚህ ቢጠቀሙ እንወዳለን፤ በመዝገበ ቃላቱም «አጥቢያ» ከቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ተለይቶ ራሱን የቻለ ፍቺ ሊሰጠው ይገባል።