ክርና ኬላ
ከእንጦጦ ግርጌ የትናንሽ ባለሙያዎች ውጣ ውረድ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ቤተ መንግሥቱ፣ ባንኩና የባቡር ጣቢያው ናቸው። በእነዚህ ሕንጻዎች ጥላ ሥር ሆኖ ከተማይቱን ያለበሰው ሸማኔ፣ ምድጃዋን ያሞቀችው እንጨት ተሸካሚ፣ በየመንደሩ ጥግ ጨውና ክብሪት የቸረቸረው ባለ ሱቅ ግን በታሪክ ገጽ ላይ እምብዛም አይታዩም። ቢታዩም እንኳ በጅምላ፣ ስምና ውሎ በሌለው «ሕዝብ» ውስጥ ተጠቅልለው ነው። ከኮተቤ አንሥቶ በየካ፣ በፈረንሣይ ለጋሲዮንና በቀበና ሽቅብ አልፎ እስከ ሽሮ ሜዳ በሚዘረጋው የእንጦጦ ግርጌ የኖሩት ትናንሽ ባለሙያዎች ታሪክ ይህን ጉድለት በግልጽ ያሳያል።

ትንሽ ባለሙያ ሲባል ብዙ ሰው ቀጥሮ የማያሠራ፣ ለሌላም ተቀጥሮ የማያድር፣ መሣሪያውም ጉልበቱም የራሱ የሆነ ሠርቶ አደር ማለት ነው። የዚህ ሰው ዋነኛ ሀብት የቀኑ ብርሃን ነው። ሸማኔው ገና በማለዳ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መርገጫውን ይረግጣል፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ክሩን መለየት ያዳግተዋል። ስለዚህ ዘወትር የሚያማርሩት ነገሮች፣ ክር ፍለጋ መንከራተቱ፣ ዱቤ ለማግኘት ደጅ መጥናቱ፣ በጽሕፈት ቤት በር መሰለፉ፣ መልካቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው፤ ቀኑን ይነጥቁታል። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የወጡት ዐዋጆች ክብሩን፣ ገንዘቡንና ቤቱን እየተመለከቱ ብዙ ደንግገዋል። ቀኑን የተመለከተለት ግን ከእነርሱ መካከል አይገኝም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ተራራው ለመከላከያ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን የከበደ ነበር። ብርዱና ነፋሱ ይበረታል፤ የሚነደውም እንጨት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየራቀ ሄደ። ንጉሡ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከተማው አስቀድሞ ወደ ፍልውኃ ሜዳ መውረድ ጀምሮ ነበር። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች፣ መኳንንቱንና ሠራዊቱን የሚቀልብና የሚያለብስ ትንሽ ሻጭ አብሮ ይወጣ፣ አብሮ ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ችግሩ ዝርዝር ገንዘብ ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ እጅግ ትልቅ ነው። አሞሌ ጨው ደግሞ ይሰበራል፣ ይሟሟል፣ ዋጋውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1880ዎቹ ማብቂያ አላድ፣ ሩብና ግርሽ የተባሉት የምኒልክ ገንዘቦች ቢወጡም ገበያው ቶሎ አልተቀበላቸውም። አንድ እስር እንጨት ወይም አንድ ጥቅል ፈትል የያዘች ሴት ዕቃዋን ሸጣ ሳይሆን መልስ ፈልጋ ትውል ነበር።

እንጨትን ካነሣን የከተማይቱ ህልውና ራሱ በዚህ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዙሪያ ተመንጥሮ በማለቁ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ እንጦጦንና የየካን ኮረብታዎች ሲያለብስ ግን ሐሳቡ ቀረ። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ያንን ባሕር ዛፍ ከተራራው አውርደው ከየምድጃው ያደረሱት ግን አህዮችና የሴቶች ጀርባ ናቸው። ዛፉን ያስመጣው ሰው ማንነት በየመጽሐፉ ይነሣል፤ የተሸከሙት ሴቶች ግን አልተመዘገቡም።

የሸማኔውም ታሪክ ከዚሁ ዘመን ጋር የተሳሰረ ነው። ደቡቡ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። ከተማውም ያገራቸውን ወረዳዎች ሳይለይ ሁሉንም «ዶርዜ» ብሎ ጠራቸው። መኳንንቱ የሚያጌጡበትን ጥለት የሚሠሩት እጆች ራሳቸው የተናቁ ነበሩ። ሸማኔ በሽመናው፣ ቀጥቃጭ በብረቱ፣ ፋቂ በቆዳው ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ እንዲታሰር አዘዙ። ይህ ዐዋጅ በኢትዮጵያ የሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው ነው። ሆኖም ክብር ሰጠ እንጂ ክር አልሰጠም። ስድቡንም ቢሆን ከአደባባይ አነሣው እንጂ ከየቤቱ አላወጣውም፤ ከባለ እጅ ጋር መጋባትን መጠየፍ ከዐዋጁ በኋላም ለብዙ ዘመን ቀጥሏል።

ክሩም ቢሆን ምንጩ ተለወጠ። ቀድሞ ጥጡን የምታባዝተውና በእንዝርት የምትፈትለው የሸማኔው ሚስት ወይም የሰፈሩ ባልቴት ነበረች። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአሜሪካን አቡጀዲና የሕንድ ፋብሪካ ክር ገበያውን አጥለቀለቀው። ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል መጠቀም ጀመረ። ሥራው ፈጠነለት፤ ነገር ግን የድሩ ዋጋ ከማያውቀው አገር፣ ከማያየው አስመጪ እጅ ገባ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ሲገበያዩ ትርፉ ወዴት እንደሚያዘነብል አስረድተዋል። እርሳቸው ስለ አገሮች የተናገሩት በአንድ የሸማኔ ጎጆ ውስጥም እውነት ነበር። የክር ነጋዴው ክሩን በዱቤ ይሰጣል፤ ያለቀውን ሸማ በራሱ ዋጋ ይረከባል፤ ዕዳው ሳይዘጋ ሌላ ክር ይሰጣል። ለበዓልና ለሠርግ ወራት ገበያው ሲሞቅ ትርፉ ለነጋዴው፣ በመካከሉ ሲቀዘቅዝ ረሃቡ ለሸማኔው ሆነ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቤተሰቡና በጥቂት ረዳቶች እየታገዘ በእጁ ሥራ የሚኖረውን ባለሙያ ከነጋዴ አልቆጠረውም። በአንድ በኩል ይህ እፎይታ ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ ከመያዝ አድኖታልና። በሌላ በኩል ግን ነጋዴ ያልተባለ፣ መዝገብም የሌለው ሰው ባንክ ቤት ገብቶ የሚያሳየው ነገር የለውም። ከባንኩ ደጃፍ የተመለሰ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ክር አበዳሪ ይሄዳል።

ከአብዮቱ በኋላ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ የዝቅተኛ ቤቶችን ኪራይ በመቀነሱ በየካና በጉለሌ ጎጆዎች ለኖረው ባለሙያ እውነተኛ ዕረፍት ሰጥቷል። በሌላ በኩል ያው የቀበሌ ቤት ጠጋኝ አጥቶ ከዓመት ወደ ዓመት አረጀ፤ ዝናብ በድሩ ላይ ሲንጠባጠብ ሸማኔው ሥራውን አቁሞ ጣራውን ይደፍን ነበር። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 76 የግል ችርቻሮ ንግድን በ200,000 ብር፣ ጅምላውን በ300,000 ብር ካፒታል ወሰነ፤ አንድ ሰውም ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይኖረው ከለከለ። ለከበርቴው የታሰበው ይህ ወሰን ለሾላ ገበያ ባለ ጉልት በሕልሟም የማይመጣ ገንዘብ ነበር። ወሰኑ ባይነካትም የፈቃዱ ጣጣ፣ የዕቃው እጥረትና የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ እርሷንም አገኛት። በ1969 ዓ.ም. የዕደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪ ልማት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ ክር በቅድሚያ ለማኅበራቱ ይደርስ ጀመር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ከአበዳሪው እጅ ለመውጣት ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር። ከማኅበሩ ውጪ የቀረው ግን ክሩን በስውር ገበያ በውድ ዋጋ ገዛ፤ በማኅበሩ ውስጥ ያለውም ብዙ ቀኑን በስብሰባና ኮታ በመጠበቅ አሳለፈ።

ይህ የአንድ አገር ችግር ብቻ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው መመሪያ በጥቁሮች መኖሪያ ከተሞች የሚነግድ አፍሪካዊ አንድ ንግድ ብቻ እንዲኖረው፣ ከዕለት ፍጆታ ዕቃ በስተቀር እንዳይሸጥ፣ ኩባንያም እንዳያቋቁም ደነገገ። ዓላማው ከኢትዮጵያው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እዚያ የቆዳ ቀለም፣ እዚህ የሀብት መደብ ነበር መለኪያው። «አንድ ሰው፣ አንድ ንግድ» የሚለው ቃል ግን በሁለቱም አገር በትንሹ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተመሳሳይ ጥላ ጥሏል። አፓርታይድ ካከተመ በኋላ ወደዚያ አገር የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድና በጥቁሮቹ ሰፈሮች ሱቅ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በስደተኞች ላይ በተነሣው ሁከት የብዙ መጻተኞች ሱቅ ሲዘረፍ፣ የዘራፊውም የተዘራፊውም ድህነት በአንድ ጠባብ መደርደሪያ ላይ ተጋጨ።

እንደገና ወደ እንጦጦ ስንመለስ፣ የእንጨት ተሸካሚዋን ቀን የነጠቃት ኬላ ነው። ኬላ በጥንቱ ዘመን ከሲራራ ነጋዴ ቀረጥ የሚቀበሉበት በር ነበር። ባሕር ዛፉ ከባለ ርስት እጅ ወጥቶ የመንግሥት ደን ሲሆን ቃሉ ለደን ጠባቂዎች በር ዋለ። ሴቲቱ ሌሊት ተነሥታ ተራራውን ትወጣለች፤ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ አዝላ ትወርዳለች። በኬላው ሸክሟ ሊወረስ፣ ገንዘብ ልትጠየቅ ወይም እስኪመሽ ልትቆም ትችላለች። ደኑን መጠበቅ ተገቢ ነበር፤ ኮረብታው ከተራቆተ ጎርፉ የሚወርደው በዚያው በድሆቹ መንደር ነው። ነገር ግን ደኑን የሚጠብቀው ሕግ የሴቲቱን ምድጃ የሚተካ ሌላ ነገር ሳያዘጋጅ ስለ ቆመ፣ ዛፉም ሳይድን ሴቲቱም ሳታርፍ ዓመታት አለፉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ተራራው ለከተማው ነዋሪ መዝናኛ ሆነ። ከዚያ በፊት ለመቶ ዓመት ያህል ግን ለእነዚህ ሴቶች የሥራ ቦታ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የካፒታሉ ወሰን ተነሣ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላም ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ማደራጀት የመንግሥት መርሐ ግብር ሆኖ ለአንዳንድ ሸማኔዎች የመሥሪያና የመሸጫ ቦታ ተሰጠ። ሆኖም በነጻው ገበያ ሌላ ተወዳዳሪ መጣ፤ የሸማኔውን ጥለት አስመስሎ በመኪና የታተመ የውጭ ጨርቅ በርካሽ ዋጋ ከእርሱ ሸማ ጎን ተሰቀለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የሆነው ነው። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር የማይበልጥ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ሽያጫቸው በግምት ሲነገራቸው ብዙዎች ከዓቅማችን በላይ ነው በማለት አቤቱታቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ በአንዳንድ ስፍራም ሱቆች ተዘጉ። ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ መሆኑ አያከራክርም፤ የክርክሩ ምክንያት ግምቱ ነበር። ገማቹ የገበያውን ቀን አይቶ ገበያ የሌለበትን ቀን አላየም ተባለ። እንግዲህ የትንሹ ባለሙያ ቀን በመንግሥት መዝገብ በግልጽ የተቆጠረው ገቢ ይወጣበት ዘንድ ነው። በሰልፍ፣ በኬላና በዱቤ ደጃፍ የጠፋው ቀን ከግምቱ አልተቀነሰለትም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ዐዋጅ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የ1900ው ዐዋጅ ባይኖር ስድቡ ሕጋዊ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የ1967ቱ ባይኖር ኪራዩ ባላቃለለ ነበር። ጉድለቱ ዐዋጆቹ ሁሉ ለትልቁ ተጽፈው ለትንሹ የተረፉ መሆናቸው ነው። አስተዳዳሪው መመሪያ ሲያረቅ፣ መምህሩ የከተማይቱን ታሪክ ሲያስተምር፣ ከያኒውም የጥበብ ቀሚስ የለበሰች ገጸ ባሕርይ በመድረክ ሲያቆም ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ ይህ ነገር ሸማኔውን ስንት ሰዓት ከጉድጓዱ ያስነሣዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ደንብ ሲወጣ፣ የእንጦጦ ግርጌ ባለሙያ ማጉን ለመጨረስ የሚበቃ ብርሃን ይተርፈዋል።