የኩላሊት ጠጠር ሕክምና፦ ከሰፊ ስለት ወደ ጠባብ ቀዳዳ

በጥንታዊው የሂፖክራተስ ቃለ መሐላ ውስጥ፣ ሐኪም ጠጠር ያለበትን ሕመምተኛ በስለት እንዳይከፍትና ተግባሩን በዚያ ሙያ ለተካኑት እንዲተው የሚያዝ ቃል ይገኛል። በዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምናው ከጠጠሩ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችል ስለነበረ ክልከላው የሚያስገርም አይደለም።

ከስለት ለመራቅ የተደረገው ጥረት በመጀመሪያ ፍሬ ያፈራው በፊኛ ጠጠር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሲቪያል በፓሪስ ከተማ ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫ በኩል አስገብቶ ጠጠሩን በፊኛው ውስጥ እንዳለ ሰባበረ። በ1835 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የቀረበው አሐዛዊ ጥናቱም፣ በስለት ከታከሙት ከመቶ 19 ያህሉ ሲሞቱ በአዲሱ ዘዴ ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመለከተ።

ኩላሊት ግን ከጎድን አጥንቶችና ከወገብ ጡንቻዎች ሥር የተሸሸገ በመሆኑ በቀላሉ አይደረስበትም። ስለዚህ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ዋነኛው ሕክምና ጎንን በሰፊው ከፍቶ ጠጠሩን ማውጣት ነበር። ለማገገም ሳምንታት ይፈጃል፤ ጠጠሩ ተመልሶ ሲመጣም በጠባሳው ላይ ዳግም መክፈት ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆናል።

የለውጡ በር የተከፈተው ጠጠር ለማውጣት ሳይሆን የታቆረ ሽንት ለማፍሰስ በተደረገ ጥረት ነው። በ1955 አሜሪካዊው ዊላርድ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ሽንት ወዳቆረ ኩላሊት በቆዳ በኩል ቱቦ ማስገባት እንደሚቻል አስታወቁ። በ1976 ፈርንስትሮምና ዮሐንሰን የተባሉ ስዊድናውያን ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ደረጃ በደረጃ አስፍተው፣ በራጅ እየተመሩ ከሦስት ሕመምተኞች ጠጠር ማውጣታቸውን ዘገቡ።

ከአራት ዓመት በኋላ ቀዳዳውም የማያስፈልግበት ዘዴ ተገኘ። የጀርመኑ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ዶርኒየር የግፊት ሞገድ በቁስ አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲያጠና ያካበተው ዕውቀት ለሕክምና ዋለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ በሙኒክ ከተማ፣ በውኃ ገንዳ ውስጥ የተኛን ሕመምተኛ የኩላሊት ጠጠር ከሰውነት ውጭ በመነጨ ሞገድ ሰባበሩ። በዚያው ዘመን በሽንት ቧንቧ ሽቅብ የሚዘልቀው ኢንዶስኮፕ ዳበረ፤ በ1990ዎቹም የሆልሚየም ሌዘር ታከለበት።

አንዱ ዘዴ ሌላውን አላስቀረም። ከሁለት ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ የኩላሊት ጠጠር በአብዛኛው በቆዳ በኩል ማውጣት ይመረጣል፤ የግፊት ሞገድ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሽንት መውጫ አጥቶ ኩላሊቱ ሲመረዝ ደግሞ፣ ጠጠሩን ከመንካት በፊት በፍጥነት ማፍሰስ ነፍስ ያድናል። የጉድዊን ቱቦ ዛሬም ለዚህ ያገለግላል። ጠጠሩ ከወጣ በኋላም የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው በቂ ውኃ እንዲጠጣ መምከር ከማንኛውም መሣሪያ የማይተናነስ ሕክምና ነው።